ምዕራፍ ሰባት፦ ጎማው አልወርድ ሲል

ጁን 3 ቀን 2012 (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለአሜሪካ እሳት አጥፊ አብራሪዎች ክፉ ቀን ነበር። በዩታና በኔቫዳ ግዛቶች ድንበር አካባቢ ዋይት ሮክ የተባለውን የደን ቃጠሎ ለማጥፋት የተሰማራ ፒ-2ቪ ኔፕቱን አውሮፕላን ተከስክሶ ሁለቱም አብራሪዎቹ ሞቱ። በዚያው ዕለት፣ ኔቫዳ ውስጥ ባለችው በሚንደን ከተማ ሰማይ ላይ፣ ሌላ ኔፕቱን ጎማው አልወርድ ብሎት ይዞር ነበር።

የሚንደኑ አውሮፕላን አብራሪዎች ሊያርፉ ሲሉ የጎማውን እጀታ ወደ ታች አደረጉት። ከዋናዎቹ ጎማዎች አንዱ ግን ወርዶ አልቆለፈም። ለመቸኮል ምክንያት አልነበራቸውምና ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል እየዞሩ ነዳጃቸውን አቃጠሉ። ከታች የእሳት አደጋ መኪኖች ማኮብኮቢያው ዳር ተሰለፉ። በመጨረሻ አውሮፕላኑ አረፈ፤ ድጋፍ ባጣው ጎኑ ተንጋዶ እየተፋቀ ሄደና ከአስፋልቱ ወጥቶ ቆመ። ሁለቱም ሰዎች ጉዳት ሳይደርስባቸው ወረዱ።

ምርመራው ያገኘው ጥፋት በዓይን የሚገባ ትልቅ ነገር አልነበረም። ጎማውን በሚያንቀሳቅሰው የሃይድሮሊክ ሲሊንደር ላይ ስንጥቅ ነበር። በስንጥቁ በኩል ዘይቱ ፈሰሰ፣ ግፊቱ ወረደ፣ ጎማውም መንገድ ላይ ቀረ። ስንጥቁ የዚያን ዕለት የተፈጠረ አይደለም። ብረቱ ሲጫንና ሲለቀቅ፣ ሲጫንና ሲለቀቅ ኖሮ ቀስ በቀስ ያሳደገው ነው። ይህ ምዕራፍ የሚከተለውም ያንኑ መንገድ ነው፤ እሳት በሚያጠፉ አውሮፕላኖች ላይ የጎማ ብልሽት የሚታየው ማረፊያው ላይ ይሁን እንጂ የሚጀምረው ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ፣ ከሥራው ጠባይ ነው።

ኔፕቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በ1945 ነው፤ የተሠራውም ባሕር ላይ ለሚደረግ ቅኝት ነበር። በጁን 2014 ሌላ ኔፕቱን በካሊፎርኒያ ፍሬስኖ ሲያርፍ ሃይድሮሊኩ ከድቶት የፊት ጎማው ታጠፈ፤ የሞተ ሰው አልነበረም። በ2017 መጨረሻዎቹ ኔፕቱኖች ከእሳት ማጥፋት ሥራ ወጡ። በእነሱና በመሰሎቻቸው ቦታ ከገቡት መካከል ደግሞ ባለ አንድ ሞተር፣ ባለ አንድ አብራሪ ትንንሽ አውሮፕላኖች ይገኙበታል። እነዚህ ከጎማ ጣጣ የሚያመልጡ ይመስላሉ፤ አብዛኞቹ የሚታጠፍ ጎማ የላቸውምና።

ዘራቸው ከእርሻ ነው። በ1955 በካሊፎርኒያ ዊሎስ በምትባል ከተማ የነበሩ የሰብል መድኃኒት ረጪዎች ስቲርማን የተባለውን ባለ ድርብ ክንፍ የጦርነት ዘመን ማሠልጠኛ አውሮፕላን ታንከር ገጥመውለት፣ ከሥሩ የሚከፈት በር አበጅተውለት፣ በሜንዶሲኖ ደን ውስጥ በተነሳ ቃጠሎ ላይ 640 ሊትር ገደማ ውሃ ጣሉበት። ቤተሰቡ ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1980ዎቹ አግ-ካት የተባለውን ረጪ አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ እየገጣጠመ «እሸት» ብሎ ሰይሞት ነበር። እሸትም እንደ ስቲርማን ሁሉ ጎማው የማይታጠፍ፣ ሦስተኛዋ ትንሽ ጎማ ጅራቱ ሥር የተተከለችለት አውሮፕላን ነው።

ዛሬ በዚህ ሥራ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ኤር ትራክተር ኤቲ-802 ነው። የኤር ትራክተር ኩባንያ መሥራች ሌላንድ ስኖው የመጀመሪያ ረጪ አውሮፕላኑን ሠርቶ ያበረረው ገና በ23 ዓመቱ፣ በ1953 ነበር። ኤቲ-802 በቴክሳስ ኦልኒ ከተማ ተሠርቶ በ1990 በረረ። 3,000 ሊትር ገደማ ይሸከማል፤ ሙሉ ጭነት ይዞ ሲነሳ ክብደቱ እስከ 7,257 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ከዚህ ክብደት 40 በመቶው ገደማ ለእሳቱ የሚጣለው ፈሳሽ ነው ማለት ነው። በ2002 በካሊፎርኒያና በኮሎራዶ ሁለት ትልልቅ እሳት አጥፊ አውሮፕላኖች ክንፋቸው በብረት ድካም ተገንጥሎ አምስት ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ የአሜሪካ የደን አገልግሎት በ2004 የ33 ከባድ አውሮፕላኖችን ውል አቋረጠ። ያኔ የተከፈተውን ክፍተት ከሞሉት አንዱ ይህ የእርሻ ልጅ ነው።

የኤቲ-802 ዋና የማረፊያ እግሮች አሠራር ቀላል ነው። በውስጡ ዘይትና አየር የሚጨመቅበት ሲሊንደር የለም፤ ከሆዱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚወርድ ጠፍጣፋ የብረት ሞላ ነው፣ የጭነት መኪና ባሌስትራ ዓይነት። አውሮፕላኑ መሬት ሲነካ እግሮቹ ወደ ውጭ ይለጠጣሉ፤ ከዚያ ይመለሳሉ። የሚፈስ ዘይት የለም፤ ረስቶ ሳያወርደው የሚያርፍ አብራሪም የለም። በረራው ያን ያህል ፈጣን ስላልሆነ ጎማው በነፋስ ውስጥ ተንጠልጥሎ መቅረቱ የሚያስከፍለው ፍጥነት ትንሽ ነው። አምራቹ ክብደትና ውስብስብነት ቀንሶ ጥንካሬ ገዝቷል፤ ለዚህ ሥራ ትክክለኛው ምርጫም ይኸው ነው።

ግን ጠንካራ ማለት የማይሰበር ማለት አይደለም። ትልቁ ፈተና የሚመጣው ከፊት ሳይሆን ከጎን ነው። ሦስተኛው ጎማ ጅራቱ ሥር ባለ አውሮፕላን የክብደቱ ማዕከል ከዋናዎቹ ጎማዎች በስተኋላ ይውላል። ስለዚህ በማረፍ ላይ ሳለ አፍንጫው ትንሽ ወደ አንድ ወገን ከዞረ፣ ከኋላ ያለው ክብደት ወደ ፊት ሊቀድም ይፈልግና ዙረቱን ያባብሰዋል። አብራሪው በመሪው ፔዳል ፈጥኖ ካልመለሰው አውሮፕላኑ እየተሽከረከረ በአንድ እግሩ ላይ ይደገፋል። ወደ ላይና ወደ ታች እንዲለጠጥ የተሠራው ብረት ያኔ ወደ ጎን ይጠመዘዛል፤ እግሩ ይታጠፋል ወይም መገጣጠሚያው ላይ ይበጠሳል፤ ክንፉ መሬት ይመታል፣ ፕሮፔለሩም አስፋልቱን ይቆርጣል። የጎን ነፋስ፣ የተነፈሰ ጎማ፣ በአንድ ወገን ብቻ የያዘ ፍሬን፣ ሁሉም ወደዚያው ያደርሳሉ። እሳት ባለበት አካባቢ ደግሞ ነፋስ መቼም አይጠፋም፤ ማረፊያውም ብዙ ጊዜ ጠባብ የገጠር ሜዳ ነው።

አሁን ሥራውን እንመልከት። አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን በቀን ጥቂት ጊዜ ቢያርፍ ነው። እሳት አጥፊው ከማረፊያው ቀርቦ ሲሠራ ተሞልቶ ይነሳል፣ ይጥላል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሞላል፤ ቀኑን ሙሉ። እያንዳንዱ መነሳትና ማረፍ በእግሩ ላይ አንድ የመጫንና የመለቀቅ ዙር ነው። የብረት ድካም የሚባለው ከዚህ ይመጣል። ብረቱ አንድ ጊዜ ቢጫን ምንም የማይለው ሸክም፣ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ጫፍ ባለበት፣ ቦሎን በገባበት ወይም ጭረት ባለበት ቦታ ለዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይጀምራል። ስንጥቁ በየዙሩ በጥቂቱ ይገፋል። የቀረው ጤናማ ብረት ሸክሙን መቻል ሲያቅተው ቀሪው በአንዴ ይሄዳል። መርማሪዎች የተሰበረውን ፊት በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ሁለት መልክ ያገኙበታል፤ ቀስ በቀስ ያደገው ክፍል ለስላሳና መስመር መስመር ያለው፣ በመጨረሻ የተበጠሰው ደግሞ ሻካራ። ለስላሳው ክፍል ሰፊ ከሆነ ስንጥቁ ለረጅም ጊዜ እዚያ ነበረ፣ የሚያየው ግን አላገኘም ማለት ነው።

በዚህ ላይ ጨው ይጨመራል። ከአውሮፕላኖቹ ሆድ ሲወርድ የሚታየው ቀይ ፈሳሽ አብዛኛው ውሃ ነው፤ እሳቱን የሚያዘገየው ግን በውስጡ ያለው የአሞኒየም ፎስፌት ጨው፣ የማዳበሪያ ዘመድ የሆነ ነገር ነው። ቀለሙ የተጨመረው አብራሪው የቀደመው ጭነት የወደቀበትን መስመር እንዲያይ ነው። ጨው ብረትን ይበላል። አምራቾቹ ዝገት የሚቀንስ ንጥረ ነገር ቢጨምሩበትም ፈሳሹ በሚረጭበት ጊዜ ወደ ኋላ እየበነነ የጎማውን መገጣጠሚያ፣ የፍሬኑን ቱቦ፣ የጅራቱን ጎማ መያዣ ያለብሳል፤ ደርቆም እዚያው ይቀመጣል። ዝገት የበላው ቦታ ጉድጓድ ይሆናል፤ ጉድጓዱም ለስንጥቅ መነሻ ይሆናል። ሁለቱ ጠላቶች የሚረዳዱት እንዲህ ነው።

ለዚህ ነው በእሳት ወቅት ከአብራሪው እኩል መካኒኩ የሚመሰገነው፤ ቢያንስ ሊመሰገን የሚገባው። ማምሻውን አውሮፕላኑ ሲቆም በንጹህ ውሃ ያጥበዋል። ከዚያ በባትሪ መብራት ከሆዱ ሥር ገብቶ የእግሩን መያዣ ቦሎኖች በጣቱ እየዳሰሰ ይፈትሻል። ቀለሙ በቀጭን መስመር የተሰነጠቀ ቦታ ካየ ቀለሙን ያነሳና ብረቱን ያጸዳል፤ ሰርጎ ገብ ፈሳሽ ቀብቶ ይጠብቃል፤ ትርፉን ይጠርጋል፤ በላዩ ነጭ ዱቄት ይነፋበታል። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ፈሳሽ ወደ ዱቄቱ ተመልሶ ይወጣና ፀጉር የመሰለ መስመር ይሥላል። ሥራው ቢበዛ ሰዓት ቢወስድ ነው። ግን የሚሠራው በድካም ሰዓት፣ ጭስ በሸፈነው ሜዳ ላይ፣ አለቆች አውሮፕላኑ ንጋት ላይ እንዲነሳ በሚፈልጉበት ጊዜ ነው። መካኒኩ «ይህ አውሮፕላን አይነሳም» የማለት ሙሉ ሥልጣን ከሌለው ፍተሻው ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

እስካሁን የተነገረው የማይታጠፍ ጎማ ታሪክ ነው። ትንሹ አውሮፕላን ውሃ ላይ መውረድ ሲማር ግን የሚታጠፍ ጎማ ተመልሶ መጣ።

ፋየር ቦስ የሚባለው ኤቲ-802 ሁለት ረጃጅም ተንሳፋፊዎች፣ ፍሎቶች፣ የተገጠሙለት ነው። ፍሎቶቹን የሚሠራው በሚኒሶታ የሚገኘው ዊፐየር ኩባንያ ነው። አውሮፕላኑ ሐይቅ ወይም ባሕር ላይ እየተንሸራተተ በ15 ሰከንድ ገደማ ውሃ ቀድቶ ሳይቆም ይነሳል። እሳቱ ለውሃው ቅርብ ከሆነ ወደ አየር ማረፊያ መመላለስ የለም፤ ደቡብ አውሮፓ ውስጥ ተወዳጅ የሆነውም ለዚህ ነው። ግን ማታ የሚያድረው ማኮብኮቢያ ላይ ስለሆነ ፍሎቶቹ ከፊትና ከኋላ የሚወጡና የሚገቡ ጎማዎች አሏቸው፤ የሚንቀሳቀሱትም በሃይድሮሊክ ነው። የሚንደኑ አውሮፕላን ያጋጠመው ዓይነት የዘይት፣ የቱቦና የሲሊንደር ነገር ሁሉ በዚህ ተመልሶ ገባ። ባሕር ላይ ሲቀዳ ደግሞ የባሕር ጨው በየደቂቃው ያጥበዋል።

እዚህ ላይ አንድ የተገላቢጦሽ ነገር አለ። በተራ አውሮፕላን አስፈሪው ጎማ ሳያወርዱ ማረፍ ነው። በፍሎት አውሮፕላን ግን ጎማ ሳይወርድ ማኮብኮቢያ ላይ ማረፍ ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው የፍሎቱን ሥር ነው፤ አውሮፕላኑ በፍሎቶቹ ሥር እየተፋቀ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ገዳዩ ተቃራኒው ነው፤ ጎማ ወርዶ እያለ ውሃ ላይ ማረፍ። ፍሎቱ የሚንሸራተተው ሥሩ ለስላሳ ስለሆነ ነው። ጎማው ሲወጣ ውሃውን ይይዛል፤ ከሥር የተያዘ አውሮፕላን ላይኛው አካሉ በነበረው ፍጥነት ወደ ፊት መሄዱን ይቀጥላልና አፍንጫው ይቀበራል፣ ጅራቱ ይነሳል፣ ይገለበጣል። ይህ ሁሉ በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ያልቃል። አብራሪው ራሱን ቁልቁል ተንጠልጥሎ፣ በጨለማ ውሃ ውስጥ፣ ላይና ታች ተምታቶበት ያገኛል። የፍሎት አብራሪዎች ከተገለበጠ መቀመጫ ውስጥ ቀበቶ ፈትቶ መውጣትን በመዋኛ ገንዳ የሚለማመዱት ለዚህ ነው።

አደጋው የሚያደፍጥበትን ሰዓት ለይቶ ማወቅ ይቻላል። አብራሪው ከሐይቅ ወደ እሳት፣ ከእሳት ወደ ሐይቅ ሲመላለስ የጎማውን እጀታ አይነካውም፤ ጎማው ገብቷል፣ እንደገባም ይውላል። አደገኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ሊቀዳ ሲወርድ ነው። ከማኮብኮቢያው ሲነሳ ጎማው ወርዶ ነበር። ወዲያው ሬዲዮው ይጮሃል፤ የእሳቱ አለቃ ቦታ ይናገራል፣ ሌሎቹ አውሮፕላኖች ተራ ይይዛሉ፣ ጭሱ እይታ ይጋርዳል። ጎማ ማስገባት የሚባለው የየዕለት ነገር በዚህ መሃል ይረሳል። ሐይቁ ደግሞ ከማረፊያው ሩቅ ላይሆን ይችላል።

ለዚህ የተበጀው መከላከያ ሁለት ነው። መብራት አለ፤ ጎማው ገብቶ ሲቆለፍ ሰማያዊ፣ ወጥቶ ሲቆለፍ አረንጓዴ ይበራል፤ ሰማያዊ የውሃ፣ አረንጓዴ የመሬት ብሎ ለማስታወስ አይከብድም። ሁለተኛው ድምፅ ነው። አውሮፕላኑ ለማረፍ ፍጥነቱን ሲቀንስ በጆሮ ማዳመጫው የተቀዳ ድምፅ «ጎማው ለውሃ ማረፊያ ገብቷል» ወይም «ጎማው ለመሬት ማረፊያ ወጥቷል» የሚል መልእክት ይነግረዋል። መሣሪያው ብልህ ነው፤ የጎማውን ሁኔታ ያውቃል። ከፊቱ ያለው ውሃ ይሁን አስፋልት ግን አያውቅም። ያንን የሚያገናኘው ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ ውሃ በተቀዳ ቁጥር ተመሳሳይ ዓረፍተ ነገር የሰማ ጆሮ ደግሞ ከጊዜ በኋላ ድምፁን ይሰማል እንጂ ቃሉን አያዳምጥም። ስለዚህ ጥሩ አሠልጣኞች አብራሪው ድምፅ አውጥቶ እንዲመልስ ያስተምራሉ፦ «የማርፈው ውሃ ላይ ነው፤ ጎማው ገብቷል፤ ሰማያዊ አያለሁ፤ በዓይኔም አይቻለሁ።» ቃሉን ራሱ ሲናገር ነገሩን እንደገና ለማሰብ ይገደዳል። በክንፉ ላይ መስተዋት አስገጥመው ጎማውን በዓይናቸው የሚያረጋግጡም አሉ።

ጎማው በእርግጥ ቢበላሽስ? እሳት አጥፊ አብራሪ ሌላው የሌለው አንድ ጥቅም አለው፤ የጭነቱን በር ከፍቶ ሦስት ቶን የሚጠጋ ክብደት በሴኮንዶች ውስጥ መጣል ይችላል። ያ ማለት ሲያርፍ ቀላል ነው፣ ቀስ ብሎም መምጣት ይችላል። ከዚያ ዝቅ ብሎ በማረፊያው ላይ ያልፍና ከታች ያሉት ጎማውን አይተው ይነግሩታል። የፍሎት አውሮፕላን ከሆነ ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ካልፈሰሰ በእጅ ፓምፕ ጎማውን ለማንቀሳቀስ ይሞክራል። ሁሉም ጎማ ገብቶ ከቀረ ውሃ ላይ ያርፋል። አንዱ እንኳ ወጥቶ ከቀረ ውሃን ፈጽሞ አያስብም፤ ማኮብኮቢያ ይፈልጋል። ግማሽ ወጥቶ ግማሽ ከገባ የሚመረጠው ከተቻለ ሁሉንም መልሶ ማስገባት ነው፤ ሚዛኑን የጠበቀ ብልሽት ካልጠበቀው ይሻላልና። ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። የሚንደኖቹ አብራሪዎች ያተረፋቸው ትልቁ ነገር የአንድ ሰዓት ተኩል ትዕግሥታቸው ነው።

ከዚህ መጽሐፍ አንባቢዎች አንዳንዶቹ ኤቲ-802ን በዓይናቸው ያዩት እስራኤል ውስጥ ሊሆን ይችላል። በዲሴምበር 2010 የቀርሜሎስ ተራራ ቃጠሎ 44 ሰዎችን ከገደለ በኋላ አገሪቱ በኤቲ-802 የሚሠራ የእሳት ማጥፊያ ቡድን አቋቋመች፤ ስሙም በዚያ እሳት በሞተ የ16 ዓመት በጎ ፈቃደኛ ልጅ ተሰየመ። ኢትዮጵያ ግን በኤፕሪል 2019 የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ ባለሙያዎች ከእስራኤል እስኪመጡላት መጠበቅ ነበረባት።

አንድ ቀን የራሷ ትንንሽ እሳት አጥፊ አውሮፕላኖች እንዲኖሯት የሚመክሩ ሰዎች ይኖራሉ፤ ሐሳቡም መልካም ነው። ግን ከፍታውን ያስቡ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ያው አውሮፕላን መሬት የሚነካው 9 በመቶ ያህል ፈጥኖ ነው፤ ፍሬንና እግር የሚቀበሉት ጉልበት ደግሞ ወደ 20 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ ግዥውን የሚፈርሙ ሰዎች የአውሮፕላኑን ዋጋ ሲጠይቁ በዚያው ወረቀት ላይ እነዚህንም ይጠይቁ፦ በየማታው የሚያጥበው ማን ነው? የማረፊያው እግር ለስንጥቅ የሚፈተሸው በየስንት ማረፊያው ነው? መለዋወጫ እግርና የሃይድሮሊክ ሲሊንደር የሚቀመጠው የት ነው? «አይነሳም» የማለት ሥልጣን ያለው መካኒክስ ማን ነው? ለእነዚህ በስም፣ በቁጥርና በበጀት መልስ ሳይገኝ አውሮፕላኑ መገዛት የለበትም።